ቪትዝ ላይ አጭር ሞላ ላስገባ ነው፣ ለአባይ በረሃ ጠመዝማዛ ያዋጣል ወይ?

ማርቆሴ_ቪትዝ፦

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች እንዴት ናችሁ። ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው፣ መኪናዬ ቪትዝ ናት 1.3 ሞተር፣ ስራም ቤትም የምመላለስባት፣ አልፎ አልፎም አዲስ አበባ ደርሼ የምመለስባት። መንዳት እወዳለሁ፣ ዝም ብሎ መድረስ ብቻ አይደለም የምፈልገው፣ በተለይ ከደጀን ወርዶ ጎሃ ፅዮን እስኪወጣ ያለው ጠመዝማዛ መንገዱ ክፍት ሲሆን በጣም ነው ደስ የሚለኝ። ችግሩ መኪናዋ እዛ ላይ አታምርም። መሪ ሳዞር መጀመሪያ ትጋደላለች ከዛ ነው የምትታጠፈው፣ አስፋልቱ ተንሸራቶ ወጣ ገባ የሆነበት ቦታ ላይ ደግሞ ኋላዋ ይንሳፈፋል፣ ወደ ግራ ታጥፌ ወዲያው ወደ ቀኝ ስመልሳት ዘግይታ ነው የምትከተለኝ።

አሁን ሁለት ምርጫ አለኝ። አንደኛው ከዱባይ የሚመጣ ሰው አለ፣ በ40 ሚሊ ዝቅ የሚያደርግ የስፖርት ሞላ አራቱንም ያመጣልኛል። ሁለተኛው እዚሁ የማውቀው ልጅ "ምን ገንዘብ ታባክናለህ የራሷን ሞላ አንድ ዙር ቆርጬ እገጥምልሃለሁ፣ ያው ነው" ብሎኛል፣ ዋጋው ከዱባዩ ጋር አይገናኝም። ጥያቄዬ፣ 40 ሚሊ ለኛ መንገድ ይበዛል ወይ? አሞርዛተሩን (የሞላውን መወዛወዝ የሚገታውን) ሳልነካ ሞላውን ብቻ ብቀይር ምን ይሆናል? መቁረጡስ እውነት ያው ነው? ለበዓል ቢቸና ቤተሰብ ጋ ስንሄድ አምስት ሰው ሆነን ነው፣ ስንመለስ ደግሞ ኋላዋ ላይ ጤፍ አይጠፋም፣ እሱንም አስቡልኝ። የሞከረ ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።


ጣና_ስዊፍት፦

ወንድሜ እኔ ባህር ዳር ነኝ፣ ስዊፍት ላይ 30 ሚሊ ዝቅ የሚያደርግ አስገብቻለሁ ከነአሞርዛተሩ። በግልፅ ልንገርህ በጣም ነው የወደድኩት። መሪ ስትነካ መኪናዋ ወዲያው ትመልስልሃለች፣ መጋደሉ ቀረ፣ በመኮድና በኪዳነ ምህረት በኩል ያሉት ሰፋፊ አደባባዮች ላይ ስዞር ሌላ መኪና የያዝኩ ነው የሚመስለኝ። ቁመናዋም አምሮባታል፣ በጎማውና በመከላከያው መካከል የነበረው ክፍተት ሲጠብ መኪና መኪና ሆነች።

ጉዳት የለውም አልልህም። ብሬከር በሙሉ አግድም ነው የምወጣው፣ ኮብልስቶን ሰፈር ስገባ ጥርስ ያንገጫግጫል፣ ከነዳጅ ማደያ ስወጣ የፊት ፓራውልት ይቧጠጣል። አምስት ሰው ጭኜም አላውቅም፣ ብዙ ጊዜ ብቻዬን ወይ ሁለት ነን። ግን መንዳት የምትወድ ከሆነ አስገባው ነው የምልህ፣ መቁረጡን ግን እርሳው። ሞላም ከታወቀ ስም ግዛ፣ አይባክ ወይም ኤች ኤንድ አር የጀርመን ናቸው፣ ከጃፓን ታናቤ፣ አርኤስአር፣ ቲን አሉ። ስም የሌለው እቃ ካርቶኑ ላይ 40 ቢልም ስታስገባው 60 ሊወርድብህ ይችላል፣ ግራና ቀኙም እኩል ላይሆን ይችላል።


አሮጌው_መካኒክ፦

ልጄ ከመቁረጡ ልጀምርልህ ምክንያቱም እሱ ነው አደጋው። "ያው ነው" ያለህ ልጅ ሞላ እንዴት እንደሚቀመጥ ልብ አላለም ማለት ነው። የሞላ ጫፍ ዝም ብሎ ያለቀ ሽቦ አይደለም፣ የመጨረሻዋ ዙር ሆን ተብላ ጠፍጠፍ ወይ ጠበብ ተደርጋ ነው የምትሰራው፣ አሞርዛተሩ ላይ ያለችው ሳህንም ጫፉ የሚያርፍባት ጎድጎድ ያለች ቦታ አላት፣ እዛች ላይ ገጥሞ ነው የሚቆመው። በግራይንደር ስትቆርጠው ያ ቅርፅ ሄደ። የተቆረጠው ጫፍ ሳህኑን በአንድ ነጥብ እየወጋ ይቀመጣል፣ መሪ ስታዞር እየዘለለ ቋ ቋ ይላል፣ ከጊዜ በኋላ ሳህኑን ይበላዋል። ሌላው ደግሞ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ሞላው አጥሮ ስለቀረ ልል ይሆናል፣ ከመቀመጫው ይወጣል። የኋላ ሞላ እንዲህ ባሉ ትንንሽ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ ከአሞርዛተሩ ተነጥሎ በመኪናው ክብደት ብቻ ተይዞ ነው የሚቀመጠው፣ ልል ከሆነ ወድቆ መንገድ ላይ የሚቀርበት ጊዜ አለ። አባይ በረሃ መሃል ይሄ ቢያጋጥምህ አስበው።

አንዳንዱ ደግሞ አይቆርጥም፣ መኪናው ላይ እንዳለ በኦክሲጅን አግሎ እንዲቀመጥ ያደርገዋል። ይሄ ከመቁረጡም የባሰ ነው። ሞላ ሞላ የሆነው ብረቱ በእሳት ታክሞ ስለጠነከረ ነው፣ መልሰህ ስታግለው ያ ጥንካሬ ይሄዳል፣ ያቺ የጋለችው ቦታ ላይ ወይ እየሟሸሸ ይወርዳል ወይ አንድ ቀን ይሰበራል። እባክህ ማንም እንዲህ እንዲያደርግብህ አትፍቀድ።

አሁን ወደ ሌላው ልምጣ። የፃፍከውን ደግሜ አነበብኩት፣ በኔ እይታ ያንተ መኪና የሞላ ችግር ያላት አይመስለኝም። "ኋላዋ ይንሳፈፋል"፣ "ዘግይታ ትከተለኛለች" ያልካቸው የአሞርዛተር ምልክቶች ናቸው። ሞላ መኪናዋን ይሸከማል፣ ሲጫን ይወርዳል ሲለቀቅ ይመለሳል፣ ያንን መውጣት መውረድ የሚገታው ግን ውስጡ ዘይት ያለው አሞርዛተሩ ነው። እሱ ሲደክም ሞላው ብቻውን ይጫወታል። እንዲህ አድርገህ እየው። ጎማውን አውልቀህ የአሞርዛተሩን አካል ተመልከት፣ አቧራው ከዘይት ጋር ተላቁጦ ጥቁር ጭቃ የሆነ ነገር ከላይ ወደ ታች ወርዶ ካየህ አልቋል። ደረቅ ከሆነም ገና ደህና ነው አትበል። መዳፍህን ጎማው ጥርስ ላይ አሳርፈህ ዙሪያውን ዳስሰው፣ እዚህ ጎድጎድ እዛ ወጣ ያለ እየሆነ ማዕበል ማዕበል ካለህ ጎማው ሲዘል ነው የከረመው፣ አሞርዛተሩ አልያዘውም ማለት ነው። ጥጉን በሁለት እጅህ ተጭነህ ስትለቀው አንዴ ወጥታ ቀጥ ካላለች፣ ደጋግማ ከተወዛወዘች እሱም ሌላ ምስክር ነው።

ከዛ የብራቾ (ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያዘው ክንድ) ጎሚኒዎችን፣ ማለት መጋጠሚያው ላይ ያሉትን ላስቲኮች፣ በሌቫ ገፋ ገፋ እያደረክ እያቸው፣ ተሰንጥቀው ከሆነ መሪ ስታዞር መጀመሪያ ጎሚኒው ይለጠጣል ከዛ ነው ጎማው የሚታዘዘው፣ አንተ "ትዘገያለች" ያልከው ግማሹ እዛ ሊሆን ይችላል። የስታቢላይዘር ሊንክም (መጋደልን የሚቀንሰው ብረት ማያያዣ) እንደዛው። ይሄን ሳታይ አዲስ ሞላ ብታስገባ በደከመ አሞርዛተር ላይ ጠንካራ ሞላ ጫንክበት ማለት ነው፣ ጠንካራ ሞላ ደግሞ ለመግታት የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል፣ እና መንሳፈፉ ይብሳል እንጂ አይቀንስም።


ደጀን_ላይ፦

ደጀን ነው ያለሁት፣ በዛ መንገድ ነው የምሰራው። 40 ሚሊ ስትል ደነገጥኩ። አንተ ያልከው የተንሸራተተ አስፋልት እኮ አንድ ቦታ ብቻ አይደለም፣ ተራራው ራሱ ክረምት በመጣ ቁጥር ይንቀሳቀሳል፣ አምና ደህና የነበረ መታጠፊያ ዘንድሮ መሃሉ ላይ እርከን ሰርቶ ታገኘዋለህ። በዛ ላይ ከባድ መኪና ያረሰው የጎማ ቦይ አለ፣ ትንሽ መኪና አንዱን ጎማ ቦዩ ውስጥ ሌላውን ጉብታው ላይ አድርጋ ስትሄድ ሆዷ የሚነካው መሃል ላይ ነው። ዝቅ ያሉ መኪኖች የሞተር ዘይት ኮፓቸው ተሰንጥቆ ቆመው አይቻለሁ። በተለይ በሽቅብ በኩል ሲኖትራክ አጎንብሶ ሲወጣ ለመቅደም ስትወጣ ቦዩን መሻገርህ አይቀርም።

ደግሞ ከላይ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው ቁልቁለቱ፣ መኪናህ ሲታጠፍ አሪፍ ሆነ ብለህ ፍጥነት ከጨመርክ ፍሬኑም አብሮ ይታሰብ። በሁለተኛ ማርሽ ያዛት፣ የፍሬን ዘይትህንም ቀይር፣ አሮጌ ዘይት ውሃ ይስባል ሲግል አረፋ ይሆንና ፔዳሉ ወለል ይነካል።


ፖሊ_ምሩቅ፦

ሰላም፣ ባህር ዳር ፖሊ ሜካኒካል ነው የተማርኩት፣ ይሄ ርዕስ በጣም ስለምወደው ትንሽ ልዘርዝር፣ አሮጌው መካኒክ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው እኔ ከሂሳቡ በኩል ልጨምር።

ሰው ሞላ የሚያሳጥረው "ዝቅ ያለች መኪና መንገድ ትይዛለች" ብሎ ነው። እውነት አለው ግን የሚታሰበውን ያህል አይደለም። ስትታጠፍ ከውስጠኛው ጎማ ወደ ውጨኛው የሚሄደው ክብደት የሚወሰነው በፍጥነትህና በመታጠፊያው ስፋት፣ በግራና ቀኝ ጎማዎች መካከል ባለው ርቀት እና የመኪናዋ የክብደት ማዕከል ከመሬት ባለው ከፍታ ነው። የትንሽ መኪና የክብደት ማዕከል ከመሬት 55 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው ብለን እንያዘው። 3 ሳንቲ ዝቅ ስታደርጋት ያገኘኸው ከመቶ 5 ወይ 6 ብቻ ነው። ጥሩ ነው ግን ተአምር አይደለም። መጋደሉ የሚቀንሰው በዋናነት ሞላው ስለጠነከረ ነው እንጂ ስላጠረ አይደለም፣ ሁለቱን ሰው ያደባልቃቸዋል። መጋደል መቀነስ ማለት ደግሞ ወደ ውጨኛው ጎማ የሚሄደው ክብደት ቀረ ማለት አይደለም፣ ክብደቱ ይሄዳል፣ አንተ ግን አይሰማህም።

ሌላ ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር አለ። የቪትዝ ፊት ማክፈርሰን የሚባለው አሰራር ነው፣ አሞርዛተሩና ሞላው አንድ ላይ ቆመው ከታች አንድ ብራቾ ይይዛቸዋል። ያ ብራቾ ፋብሪካ ላይ ወደ አግድም ቀረብ ብሎ ነው የተቀመጠው። መኪናዋን ብዙ ዝቅ ስታደርግ የብራቾው የጎማ በኩል ጫፍ ከውስጠኛው ጫፍ ከፍ ይላል፣ ያኔ መኪናዋ የምትጋደልበት ማዕከል ከመኪናዋ ክብደት ማዕከል በበለጠ ፍጥነት ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ክንድ ይረዝማል፣ መኪናዋ በተፈጥሮዋ የበለጠ ለመጋደል ዝግጁ ትሆናለች። ከአዲሱ ሞላ ጥንካሬ የተወሰነው ይሄን ለማካካስ ብቻ ይውላል። ለዚህ ነው 20፣ 25 ሚሊ ላይ ጥሩ የነበረ መኪና 50 ላይ የሚበላሸው። የመሪ ክንዱም አንግሉ ስለሚቀየር ጉብታ ላይ ስትወጣ ሳታዞር ጎማው በራሱ ትንሽ ይዞራል፣ ወጣ ገባ መንገድ ላይ መሪው እጅህ ላይ ይወራጫል።

ዋናው ግን ይሄ ነው፣ አባይ በረሃ ላይ ወሳኙ። ሞላ ከላይ እስከ ታች የሚንቀሳቀስበት ቦታ ውስን ነው፣ መጨረሻው ላይ ስቶፐር የምንላት የጎማ ቁራጭ ትቀበለዋለች። ለምሳሌ ቆማ ሳለች ወደ ላይ ለመሄድ 8 ሳንቲ ቢቀራት፣ በ4 ሳንቲ ዝቅ ስታደርጋት ግማሹን ቆማ ሳለች ጨረስከው። ከዛ ትታጠፋለህ፣ ውጨኛው ጎማ ይጫናል፣ ሌላ 2 ሳንቲ ሄደ። መታጠፊያው መሃል ያ የተንሸራተተው አስፋልት እርከን ይመጣል። ሞላው ስቶፐሩን ይመታል። ስቶፐር ሲመታ ጎማው ላይ ያለው ጭነት በድንገት ይዘልላል ከዛ በድንገት ይለቃል፣ ጎማ ደግሞ እንዲህ በድንገት ሲሆንበት ነው መንገድ የሚለቀው። ፊት ላይ ከሆነ መኪናዋ ቀጥ ብላ ወደ ውጭ ትሄዳለች፣ ኋላ ላይ ከሆነ ቂጧ ይወጣል። በአንድ በኩል ግድግዳ በሌላ በኩል ገደል ባለበት መንገድ ይሄ ቀልድ አይደለም። ጠመዝማዛ ሆኖ የተሰባበረ መንገድ ላይ መንገድ የምትይዝ መኪና ማለት ሞላዋ ለመንቀሳቀስ ቦታ ያላት መኪና ናት፣ የአለም ራሊ መኪኖች ኮረኮንች ላይ ሲሮጡ ረጅም የሞላ ጉዞ ይዘው ከፍ ብለው የሚቆሙት ለዚህ ነው።

አሁን ጤፉን ጨምርበት። የቪትዝ ኋላ ቶርሽን ቢም ነው፣ ሁለት ጎማ በአንድ የሚጠማዘዝ ብረት የተያያዙ። ሶስት ሰው ኋላ አንድ ኩንታል ጤፍ ከጀርባቸው ስትጭን ፋብሪካ ሞላው ራሱ ብዙ ይወርዳል። 40 ሚሊ ካጠረ ገና ከቢቸና ሳትወጣ ስቶፐሩ ላይ ተቀምጣ ነው የምትመጣው፣ ያኔ ኋላዋ ሞላ የሌላት ጋሪ ሆነች ማለት ነው።

ስለ መቁረጡ ደግሞ፣ የሞላ ጥንካሬ ከሚሰሩት ዙሮች ብዛት ጋር ተገላቢጦሽ ነው። 6 የሚሰራ ዙር ካለው አንዱን ስትቆርጥ 5 ይቀራል፣ ጥንካሬው ከመቶ 20 ይጨምራል። ሰው ይሄን ሰምቶ "በነፃ ጠነከረልኝ" ይላል፣ ግን የፊትና የኋላ ሚዛኑን ማንም አላሰላውም፣ አሞርዛተሩም ለዛ አልተሰራም።


ጣና_ስዊፍት፦

@ፖሊ_ምሩቅ እህቴ በሂሳቡ አልከራከርሽም፣ ግን ስሜቱን ዝቅ አድርገሽ ያየሽው መሰለኝ። መኪና ወዲያው ሲመልስልህ የሚሰማህ መተማመን ራሱ ዋጋ አለው እኮ። እኔ ጥሩ አስፋልት ላይ ከድሮው በተረጋጋ መንፈስ ነው የምነዳው፣ ሹፌር ሲረጋጋ ደግሞ የተሻለ ይነዳል።


ፖሊ_ምሩቅ፦

@ጣና_ስዊፍት ወንድሜ ተስማምቻለሁ፣ አንተ ያደረከው ትክክለኛው አደራረግ ነው፣ ሞላውና አሞርዛተሩ አብረው የተሰሩ፣ 30 ሚሊ፣ አንድ ሁለት ሰው፣ ከተማ ውስጥ። ጠያቂያችን ግን መንገዱ ሌላ ጭነቱ ሌላ ነው። የሚሰጠው መተማመን ደግሞ እውነተኛ መሆን አለበት ባይ ነኝ፣ ያልተጋደለች መኪና ዳር ላይ መድረሷን ቀድማ አትነግርህም። ፋብሪካ ሞላ ያላት ትጋደላለች ጎማዋም ይጮሃል፣ አንተም ትቀንሳለህ። ደህና ባልሆነ ጎማ ላይ ጠንካራ ሞላ ስታስቀምጥ ያን ማስጠንቀቂያ ነው የምታጠፋው።


ጎሚስታ_ፍኖተሰላም፦

ሁላችሁም ስለ ሞላ ታወራላችሁ ጎማውን የጠየቀው የለም። ከመሬት ጋር የሚገናኘው እኮ እሱ ብቻ ነው። ጎማህ ጎን ላይ ዶት ከሚለው ፅሁፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ፣ 2319 ካለ በፈረንጅ 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሰራ ማለት ነው። ጥርሱ ስላለ ደህና ነው አይባልም፣ ፀሐይ ላይ የከረመ ጎማ ይደርቃል፣ ድንጋይ ይሆናል፣ ጥፍርህን ስትጭንበት አይገባም። እንዲህ ያለውን ጎማ የያዘ ሰው ምንም ሞላ ቢያስገባ ዝናብ የነካው አስፋልት ላይ ይንሸራተታል።

ንፋሱንም በአይን አትገምት። የሹፌር በር ስትከፍት የሚፈለገው መጠን ፍሬሙ ላይ ተለጥፎ አለ፣ እሱን ተከተል፣ ጎማው ሳይሞቅ ጠዋት አስለካ። ለአምስት ሰውና ለጭነት የሚለውን ለብቻው የሚፅፉ አሉ። እኔ ጋ ከሚመጡት መኪኖች ግራና ቀኙ እኩል የሆነው ጥቂቱ ነው፣ ፊት ግራ 22 ፊት ቀኝ 34 ይዞ "መሪዬ ይጎትታል ሞላ ልቀይር" የሚል ሰው አለ።


ማርቆሴ_ቪትዝ፦

ሁላችሁንም በጣም ነው የማመሰግነው፣ ይሄን ያህል አልጠበኩም። ጋሼ መካኒክ እንዳሉኝ ዛሬ ጎማዎቹን አውልቄ አየሁ። የፊት ቀኝ አሞርዛተር እንዳሉት ከላይ እስከ ታች ጥቁር ጭቃ ሆኗል፣ በጨርቅ ጠርጌው ማታ ስመለስ እንደገና አልቧል። የፊት ግራው ደረቅ ነው። የኋላ ሁለቱ ደረቅ ናቸው ግን ጥጉን ስጫነው ደጋግማ ትወዛወዛለች። የኋላ ጎማዎቹን ስዳስሳቸው ከውስጥ በኩል ያው ማዕበል ነው። ዶቱ 4114 ይላል፣ ጥርሱ ገና ነበር እኮ፣ ጥፍሬን ስጭንበት ግን እውነትም አይገባም። የብራቾው ትልቋ ጎሚኒ ዙሪያዋን ተሰንጥቃለች፣ ፎቶ አንስቻለሁ።

ስለዚህ ለዱባዩ ሰውዬ የስፖርት ሞላውን ተወው በምትኩ አራት አሞርዛተር አምጣልኝ ልለው ነው። ጋሼ እርስዎን ልጠይቅ፣ የፊት ቀኙ ብቻ ስለሆነ የሚያንጠባጥበው እሱን ብቻ ብቀይር አይሆንም? ሞላውስ አብሮ ይቀየር? ስፖርት ስሜቱን ግን ሙሉ በሙሉ መተው አልፈልግም፣ መንገዱን ሳልጎዳው ምን ማግኘት እችላለሁ?


አሮጌው_መካኒክ፦

በርታ ልጄ፣ ይሄ ነው መኪና ማየት። አንዱን ብቻ አትቀይር፣ ሁሌም በጥንድ ነው፣ አንዱ አዲስ አንዱ ያረጀ ከሆነ ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ ጎን ትጎትትሃለች። አንተ ጋ የኋላዎቹም ስላለቁ አራቱንም። ካያባ ብታገኝ የጃፓን ፋብሪካዎች አዲስ መኪና ላይ የሚገጥሙት ነው፣ ትክክለኛውን ለማግኘት ለሰውዬው "ለቪትዝ" ብለህ ብቻ አትላከው፣ የሻንሲ ቁጥሩንና የሞዴል ኮዱን ፎቶ አንስተህ ላክለት፣ የቪትዝ አይነቱ ብዙ ነው የፊቱም ግራና ቀኙ ይለያያል።

ሞላውን መሬት ላይ ቀጥ ብላ ስትቆም ለካው። ከጎማው መሃል እስከ መከላከያው ጠርዝ በሜትር ለካ፣ ግራና ቀኙን አወዳድር፣ ተቀራራቢ ከሆኑና ሞላው ካልተሰነጠቀ ካልዛገ የራሷን ተወው። ሜዳ ላይ ቆማ ከሆዷ እስከ መሬት 14፣ 15 ሳንቲ ናት ቪትዝ ከነተፈጥሮዋ፣ ከዛ የሚቀነስ ብዙ የለም። በጣም ካማረህ ሌላ ጊዜ ፊቱን 20 ሚሊ፣ ጨመር ቢል 25፣ ከዛ አትለፍ፣ የኋላውን ደግሞ እንዳለ ተወው ወይ ጭነት የሚችል ምረጥ። ስፖርት ስሜት ያልከውን ግን እመነኝ ከአዲስ አሞርዛተር፣ ከአዲስ ጎሚኒና ከደህና ጎማ ብዙውን ታገኘዋለህ፣ መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ እንዴት እንደነበረች አንተ አላየሃትም እኮ።

ስራው ላይ ሁለት ነገር አጠገቡ ቆመህ ተቆጣጠር። አንደኛ የፊቱ ሞላ የሚፈታው በመጨመቂያ መሳሪያ ነው፣ ሁለት ጠንካራ መንጠቆ ግራና ቀኝ ተይዞ። በሽቦ አስሮ ወይ ሰው ቆሞበት የላይኛዋን ዳዶ የሚፈታ ካየህ መኪናህን ይዘህ ውጣ፣ የታመቀ ሞላ ሲለቅ ሰው ይገድላል። ሁለተኛ፣ ይሄን ብዙ ጋራዥ አያደርገውም፣ የብራቾውና የኋላው ቢም ቡሎኖች መኪናዋ ክሪክ ላይ ተንጠልጥላ ሳለ መጨረሻ እንዳይጠብቁ። እዛ ላይ ሆነው ልስልስ ብለው ይያዙ፣ መኪናዋ ጎማዋ ላይ ስትቆም ነው የሚጠብቁት። ተንጠልጥላ ሳለ ካጠበቅሃቸው ጎሚኒው በዛ ቦታ ይያዛል፣ ስትወርድ ተጠማዞ ይቀራል፣ አዲሱ ጎሚኒ በአጭር ጊዜ ይቀደዳል። ከዛ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል)። ኋላው ቢም ስለሆነ አይስተካከልም ፊቱ ላይ ግን ቶኢኑን (ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ ፊታቸው ወደ ውስጥ የሚዞርበትን መጠን) በደንብ ያስተካክሉልህ፣ ውጤቱን በወረቀት ተቀበል።


ማርቆሴ_ቪትዝ፦

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ከአሞርዛተሩ አናት ላይ ያለችው ማውንቲንግ ከነኩሽኔታዋ አብራ ትቀየር ወይስ የድሮዋን መልሼ ልጠቀም? ለሰውዬው ነገ ነው ዝርዝሩን የምልክለት።


አሮጌው_መካኒክ፦

ቀይራት። አንድ ጊዜ ሲፈታ ነው የሚሰራው፣ ለሷ ብለህ ሁለተኛ ስራ አትከፍልም። መሪ ስታዞር ከፊት ቀኝ በኩል ጭርጭር የሚል ድምፅ ካለ ደግሞ ኩሽኔታዋ ናት ያለቀችው። ስቶፐሯንና አቧራ መከላከያዋንም ዝርዝሩ ላይ ጨምርበት፣ ከአሞርዛተሩ ጋር አብረው የሚመጡ አይምሰልህ፣ ብዙ ጊዜ ለብቻ ነው የሚሸጡት።